ቼኒ ወይስ ቡሽ? የትኛውን ፊልም እንይ ለምትሉ

ባለፈው ቅዳሜ ደሴን ጉም ሸፍኗት ስለነበር ከቤት ሳንወጣ ሁለት ፊልም አከታትለን አየን። አንዱ የጆርጅ ደብልዩ ቡሽ ምክትል ፕሬዚዳንት በነበረው በዲክ ቼኒ ላይ የሚሳለቀው የአዳም ማኬይ "ቫይስ" (እ.ኤ.አ. 2018) ነው። ሌላው ስለ አሜሪካው ፕሬዚዳንት ስለ ቡሽ ራሱ የሚያወራው የኦሊቨር ስቶን "ደብልዩ" (እ.ኤ.አ. 2008)፣ ቡሽ ገና ከዋይት ሀውስ ሳይወጡ የተለቀቀ።

እኔ ምርጫዬ "ቫይስ" ነው። ክርስቲያን ቤል ወፍሮ፣ አንገቱን ሰበር አድርጎ በቀስታ ሲያወራ ሰውዬው ራሱ የመጣ ነው የሚመስለው፤ ፊልሙም በሜካፕና በፀጉር ሥራ ኦስካር ወስዷል። መሀል ላይ ቼኒ ፖለቲካ ትቶ ውሻ እያረባ በሰላም ኖረ ይልና የሠሪዎቹ ስም መውረድ ይጀምራል። እናቴ ቶናውን እየቀዳች "አለቀ እንዴ ልጄ?" አለችኝ። ወዲያው ስልክ ጮኸ፣ ቡሽ ምክትሌ ሁን ሊለው ነው። ያቺ ጥሪ ባትመጣ ኖሮ ብላችሁ የኢራቅን ጦርነት ስታስቡ ሳቁ አፋችሁ ላይ ይደርቃል። ስላቅ ማለት ለኔ ይሄ ነው!

"ደብልዩ" ረጋ ያለ ነው። ጆሽ ብሮሊን የሚጫወተው ቡሽ አባቱን ለማስደሰት ዕድሜውን ሙሉ ሲለፋ ታዩታላችሁ። ብዙም አያስቅም፣ ግን ሰውየው ያሳዝናል፤ መጨረሻ ላይ ቤዝቦል ሜዳ ቆሞ የማትወርድ ኳስ ሲጠብቅ እኔም አንጀቴን በልቶኛል።

ከጓደኛ ጋር ከሆናችሁ "ቫይስ"ን ክፈቱ። "ደብልዩ"ን ብቻችሁን፣ ማታ ላይ እዩት።