«ምግብ አያስፈልገውም» የተባለ ፌዘር ደስተር እንዳትገዙ

ቤታችሁ የጨው ውሃ አኳሪየም ያላችሁ፣ በተለይ ዲሲና ቨርጂኒያ አካባቢ የምትኖሩ፣ ይህችን ሳታነቡ ገንዘብ እንዳታወጡ። ሰሞኑን አንድ ሻጭ የቱቦ ትሎችን፣ ማለትም ቱቦ ውስጥ እየኖሩ ላባ የመሰለ ነገር የሚዘረጉ የባሕር ትሎችን፣ በጥቅል እያቀረበ ነው። ፌዘር ደስተር ከእነዚህ ትሎች አንዱ ዓይነት ነው፤ አምስቱ በ100 ዶላር፤ በምርቃት ደግሞ የገና ዛፍ ትል ያለበት አንድ ድንጋይ። «ምግብ አያስፈልጋቸውም፣ መብራት ይበቃቸዋል፣ ለጀማሪ ተስማሚ ናቸው» ይላል ማስታወቂያው። የ7 ቀን ዋስትናም አለው። ጓደኛዬ ይህንኑ ገዝቶ ተሸውዷል።

የመብራቱ ነገር ነጭ ውሸት ነው። በመብራት የሚኖሩት ብዙዎቹ ኮራሎች (ብዙ ጊዜ ድንጋይ የሚመስሉ የባሕር እንስሳት) ናቸው፤ ሰውነታቸው ውስጥ ከብርሃን ምግብ የሚሠራ አልጌ አለ። ፌዘር ደስተር ይህ የለውም። የሚተነፍሰውም ምግቡን የሚይዘውም በዚያ በሚዘረጋው ላባው ነው። ውሃ ውስጥ የሚንሳፈፍ ደቃቅ ነገር፣ በተለይ ፋይቶፕላንክተን (በዓይን የማይታይ ደቃቅ አልጌ)፣ እያጠለለ ይበላል። ለዓሣ የምንበትነው ፍሌክ ለእሱ ቋጥኝ ነው። አዲስ ታንክ ላይ ስኪመር (ቆሻሻን በአረፋ የሚያወጣ መሣሪያ) እና ፊልተር ቀን ከሌት ሲሠሩ ውሃው ጥርት ይላል፣ እኛም ደስ ይለናል፤ ትሉ ግን ጦሙን ያድራል።

ዋናው ተንኮል ያለው ዋስትናው ላይ ነው። የተራበ ፌዘር ደስተር በ7 ቀን አይሞትም። ቀስ እያለ፣ ላባው ከወር ወር እያነሰ፣ ሰውነቱ እየከሳ ነው የሚያልቀው። ሰውየው ለሳምንት ዋስትና ሲሰጥ ምንም አልሰጠም ማለት ነው።

ጓደኛዬ ቤት የሆነውን ልንገራችሁ። ትሎቹ ገና ታንኩን ሳይለምዱ የአንዱ ላባ ሙሉውን ተቆርጦ አሸዋው ላይ ተገኘ። ቡናማና ነጭ መስመሩ ገና አልደበዘዘም፤ የቱቦው አፍ ግን ተጨማዶ ተዘግቷል። ሻጩ ጋ ሲደወል «አይዞህ፣ ጥሎት ነው፣ ያበቅላል» አለ። እውነት ለመናገር ይህ ውሸት አይደለም። ትሉ ሲጨናነቅ ላባውን ይጥላል፤ ከደላው በሳምንታት ውስጥ አነስ ያለ ሌላ ያበቅላል። ግን ለማብቀል መብላት አለበት! «ጠብቅ፣ ጠብቅ» ሲባል ዋስትናው አለፈ። ከዚያ በኋላ ሻጩ የውሃ ሽታ ሆነ። ከአምስቱ አንዱ ደግሞ ከነጭራሹ ባዶ ቱቦ ነበር። «ዓይን አፋር ነው» ተብሎ ነው የተሸጠው።

ምርቃቱ ደግሞ ከሁሉም የባሰ ነው። የገና ዛፍ ትል ዝም ብሎ ድንጋይ ላይ የተለጠፈ ነገር አይደለም። ካልሲየም ካርቦኔት የሆነ ጠንካራ ቱቦ ሠርቶ፣ ብዙ ጊዜ ፖራይትስ የሚባል ሕያው ኮራል ውስጥ ተቀብሮ ነው የሚኖረው። ማስታወቂያው «ድንጋይ» ያለው ያንን ኮራል ነው። ኮራሉ በቂ ብርሃን፣ የማይዋዥቅ ውሃ፣ በሊትር ከ400 እስከ 450 ሚሊግራም ካልሲየም ይፈልጋል። እሱ ሲሞት አልጌ ይወርሰዋል፣ ትሎቹም ብዙም አይቆዩም። የጓደኛዬ ሲመጣ ጀምሮ ግማሽ ጎኑ ነጭ አጥንት ነበር። ይህንን ለጀማሪ መስጠት ምን ይባላል?

ፌዘር ደስተር የሚሸጥበት «የሐዋይ» የሚለው ስምም አያታልላችሁ። በንግዱ የተለመደ መጠሪያ ነው እንጂ ትሉ ከየት እንደመጣ አይነግራችሁም። ለስሙ ብላችሁ ጭማሪ አትክፈሉ።

መግዛታችሁ ካልቀረ በአካል ሄዳችሁ ግዙ። ላባው ተዘርግቶ ካላያችሁ አትክፈሉ። ከታንኩ በላይ እጃችሁን አሳልፉና ጥላ ይረፍበት፤ ጤነኛው ብልጭ ብሎ ይገባል። ከዚያ ሻጩ ቱቦውን ቀስ አድርጎ በሁለት ጣት እንዲዳስስ ጠይቁት። ትል ያለበት ሞላ ይላል፣ ባዶው ጭፍልቅ ነው። የታችኛው ጫፍ የተቀደደ ከሆነ ተዉት። ታንኩ ውስጥ የዓሣ መድኃኒት ተብሎ ኮፐር (መዳብ) ገብቶ እንደሆነም ጠይቁ፤ ኮፐር እነዚህን ትሎች ይገድላል። ቤታችሁ ኮፐርባንድ በተርፍላይ የሚባለው ዓሣ ካለ ደግሞ ነገሩን እርሱት፣ ቁርስ ነው የምትገዙለት።

ጥቅሉን ቀድማችሁ የገዛችሁ ካላችሁ ፋይቶፕላንክተን ግዙና በትንሽ በትንሹ፣ ቶሎ ቶሎ ስጡ። ስትሰጡ ስኪመሩን ለጊዜው አጥፉት። ላባውን የጣለውንም ሞቷል ብላችሁ አትጣሉት። ሞቶ ከሆነ ሽታው ራሱ ይነግራችኋል፤ ያኔ ውሃውን ሳያበላሽ ቶሎ አውጡት።

ስለ አከፋፈሉ፦ ሰውየው በዜል (ከባንክ ወደ ባንክ ገንዘብ መላኪያ) ብቻ ነው የሚቀበለው። በዜል የላካችሁትን ማስመለስ ጭንቅ ነው። ክሬዲት ካርድ ይሻላል። በ1974 የወጣው የፌዴራል ሕግ በስምምነቱ መሠረት ያልቀረበ ዕቃ ላይ በጽሑፍ ቅሬታ እንድታቀርቡ ይፈቅዳል፤ ክፍያው ያለበት የመጀመሪያ ቢል ከተላከ በ60 ቀን ውስጥ ነው። ትሉ እስኪሞት ከጠበቃችሁ ቀኑ ያልፍባችኋል። ማስታወቂያውን በተለይ «ምግብ አያስፈልጋቸውም» የሚለውን ቦታ ስክሪንሾት አንሱት። ጓደኛዬ ቅሬታውን ባሰማ ማግስት ያ ዓረፍተ ነገር ከማስታወቂያው ላይ ጠፍቷል፤ ዋጋው ግን እዚያው ነው።