ሱቅና ዋሻን ያጣመሩ የቪዲዮ ጨዋታዎች፦ የትኛው ለየትኛው ተጫዋች?

በአብዛኞቹ የጀብዱ ጨዋታዎች ውስጥ ከጭራቅ ዋሻ የወጣ ዕቃ የሚሸጠው ስም ለሌለው ነጋዴ ነው። አንድ ቁልፍ ይጫናል፣ ዕቃው ይራገፋል፣ ገንዘቡ ይገባል፣ አለቀ። እዚህ የማነጻጽራቸው ጨዋታዎች ግን ያንን ነጋዴ እናንተ ያደርጓችኋል። ሰይፉን ከጨለማ ታወጣላችሁ፣ መደርደሪያ ላይ ታኖራላችሁ፣ ዋጋ ትቆርጣላችሁ፣ ገዢው ፊቱን ሲያጨማድድ ወይም ዓይኑ ሲያበራ ትመለከታላችሁ።

ሐሳቡ የቆየ ነው። እ.ኤ.አ. በ1990 ጃፓን ውስጥ የወጣው ድራጎን ክዌስት 4 አንድ ሙሉ ምዕራፍ የሰጠው ለቶርኔኮ ነበር፤ ቶርኔኮ የራሱን የጦር መሣሪያ ሱቅ ለመክፈት የሚለፋ ነጋዴ ነው። በ1993 ደግሞ ይኸው ገጸ ባሕርይ የራሱን ጨዋታ አገኘ፤ በገባ ቁጥር ቅርጹን ከሚለዋውጥ ዋሻ ዕቃ እያወጣ ሱቁን ያስፋፋበታል። ከዚያ ወዲህ የመጡት ሁሉ ያንኑ መንገድ በየራሳቸው አካሄድ ይከተላሉ። ልዩነታቸው ሰፊ ስለሆነ ስማቸውን ብቻ አይቶ መግዛት ያስቆጫል።

ከመግዛታችሁ በፊት ሁለት ነገር እንድታጣሩ እመክራለሁ። አንደኛው፣ ዋጋውን የምትወስኑት እናንተ ናችሁ ወይስ ጨዋታው? ሁለተኛው፣ ሱቅ ውስጥ ያደረጋችሁት ነገር ዋሻ ድረስ ይከተላችኋል ወይ? በእኔ ግምት የዚህ ዓይነት ጨዋታ ጥሩነት የሚለካው በሥዕሉ ማማርም ሆነ በጭራቆቹ ብዛት አይደለም። ሁለቱ ግማሾች አንዳቸው ለሌላው የሚያስፈልጉ ከሆነ ጨዋታው ይይዛችኋል፤ ካልሆነ ግን ሁለት መካከለኛ ጨዋታዎችን በአንድ ዋጋ ገዝታችኋል።

ሬሴቲር፦ ንግዱ የሚቀድምበት

ሬሴቲርን የሠራው ኢዚጌምስቴሽን የተባለ ትንሽ የጃፓን ቡድን ሲሆን፣ ጨዋታው በ2007 በጃፓንኛ፣ በ2010 ደግሞ በእንግሊዝኛ ወጣ። ሬሴት የተባለች ልጅ አባቷ ጀብደኛ እሆናለሁ ብሎ ይጠፋና ዕዳውን ለእርሷ ይተዋል። ቲር የተባለች ክንፍ ያላት የአበዳሪው ድርጅት ሠራተኛ ትመጣና ቤቱን ሱቅ አድርገሽ ዕዳሽን ክፈዪ ትላታለች። ክፍያው በየሳምንቱ ነው፦ መጀመሪያ 10,000፣ ቀጥሎ 30,000፣ ከዚያ 80,000፣ 200,000፣ በመጨረሻም 500,000። በድምሩ 820,000 የጨዋታው ገንዘብ ማለት ነው። የመጀመሪያው ሳምንት ቀላል ይመስላል፤ አራተኛው ሲደርስ ግን እያንዳንዱ ዕቃ በስንት ተገዝቶ በስንት እንደተሸጠ ማሰላሰል ትጀምራላችሁ። ክፍያው ካልሞላ ጨዋታው ወደ መጀመሪያው ይመልሳችኋል፤ ነገር ግን የነጋዴነት ደረጃችሁንና ዕቃችሁን ይዛችሁ ነው። ስለዚህ ውድቀቱ ከባድ ቅጣት አይደለም፤ ሁለተኛው ዙር በግልጽ ይቀልላል።

የሬሴቲር ትልቁ ጥንካሬ የዋጋ ክርክሩ ነው። ገዢ ዕቃ አንሥቶ ይቀርባል፣ ዋጋ ትጠሩለታላችሁ፣ ይቀበላል ወይም ቀንሱ ይላል። አንዷ ትንሽ ልጅ ኪሷ ባዶ ነው፤ አንዱ ሽማግሌ ብዙ ጭማሪ ይችላል። አጥብቃችሁ ከጨመራችሁ ጥለው ይወጣሉ፤ በመጀመሪያው ጥሪ ልካቸውን ካገኛችሁ ግን የነጋዴነት ልምዳችሁ በፍጥነት ያድጋል፣ እነርሱም ሲለምዷችሁ የበለጠ ያወጣሉ። ገበያውም ይለዋወጣል፤ አንድ ዓይነት ዕቃ በድንገት ይወደዳል፣ ሌላው ይረክሳል። ቀድሞ ያከማቸ ነጋዴ የሚደሰትበት ቀን ይመጣል። ሰዎች ዕቃ ሊሸጡላችሁም ይመጣሉ፤ ከሁለት ቀን በኋላ ይህን አዘጋጁልኝ ብለው የሚያዝዙም አሉ። ሱቅን እንዲህ በሙሉ ልብ የያዘ ሌላ ጨዋታ አልተጫወትሁም።

ዋሻ የምትገቡት ጀብደኛ ቀጥራችሁ ነው፤ የምታንቀሳቅሱት እርሱን ነው። የመጀመሪያው ሉዊ የሚባል ድሃ ሰይፈኛ ሲሆን፣ ቆይቶ ሌባዋ ሻርም፣ ቀስተኛዋ ቲየልና ሌሎችም ይጨመራሉ። እነዚህ ጀብደኞች ደንበኞቻችሁም ናቸው። ከሱቃችሁ የገዙትን ሰይፍና ጋሻ ለብሰው ዋሻ ይገባሉ። እናም ለሉዊ ጥሩ ሰይፍ በኪሳራ መሸጥ አንዳንድ ጊዜ ትርፍ ነው፤ ነገ ይዞት የሚዋጋው ለእናንተ ነውና። ሁለተኛው ጥያቄዬ ከሁሉም የተሻለ መልስ ያገኘው እዚህ ላይ ነው።

ጉድለቱ ውጊያው ነው። እንቅስቃሴው ደረቅ ነው፣ የዋሻዎቹ ክፍሎች ይመሳሰላሉ፣ ሥዕሉም ዕድሜውን ያሳያል። ዕቃ በጅምላ ከገበያ እየገዙ በችርቻሮ መሸጥ ብዙ ጊዜ ዋሻ ከመውረድ ይበልጥ ስለሚያዋጣ፣ ስሌት የሚወድ ሰው ዋሻውን ሊረሳው ይችላል። ንባቡም ብዙ ነው። የተሠራው ለዊንዶውስ ኮምፒውተር ሲሆን፣ አሮጌ ማሽን ላይ ያለ ችግር ይሄዳል። የሙከራ ቅጂ ስላለው ክርክሩ ይስማማችሁ እንደሆነ ሳትከፍሉ ማየት ትችላላችሁ።

ሙንላይተር፦ ቦርሳው የሚፈትንበት

ሙንላይተር የስፔኑ ዲጂታል ሰን ሥራ ነው። በ2018 በኮምፒውተር፣ በፕሌይስቴሽን 4 እና በኤክስቦክስ ዋን፣ በዚያው ዓመት መጨረሻ ደግሞ በኔንቲንዶ ስዊች ወጣ። ዊል የተባለ ወጣት ራይኖካ በምትባል መንደር ሱቅ አለው፤ ቀን ቀን ይሸጣል፣ ሌሊት ዋሻ ይገባል። የሚዋጋው ራሱ ነው። አጭር ሰይፍ ከጋሻ ጋር፣ ትልቅ ሰይፍ፣ ጦር፣ ቀስትና ጓንት ቀርበውለታል። አራት ዋሻዎች አሉ፤ እያንዳንዳቸው ሦስት ፎቅና በመጨረሻ አንድ አለቃ ጭራቅ አላቸው። አራቱ ሲያልቁ አምስተኛው በር ይከፈታል።

እዚህ ክርክር የለም። ዋጋ ትጽፋላችሁ፣ ገዢው መጥቶ ያያል፣ ከጭንቅላቱ በላይ ከአራት ፊቶች አንዱ ይወጣል። በጣም የተደሰተ ፊት ረክሷል ማለት ነው፤ የረካው ልክ ነው፤ ያዘነው ይገዛል ግን ተወዶበታል፣ የዕቃውም ተፈላጊነት ይቀንሳል፤ የተናደደው ትቶት ይሄዳል። መጀመሪያ ላይ ፊት እያነበቡ ልኩን ማግኘት ደስ ይላል። ችግሩ የተገኘው ዋጋ መዝገብ ላይ መስፈሩ ነው። አንድ ዋሻ ውስጥ ያሉትን ዕቃዎች ዋጋ ካወቃችሁ በኋላ ሱቅ መክፈት ቁጥር መሙላት ይሆናል። የሚሰርቁ መምጣታቸው ትንሽ ይቀሰቅሳል እንጂ አሰልቺነቱን አያስወግደውም።

እኔ ሙንላይተርን የምወድደው ለቦርሳው ነው። ቦታው ውሱን ከመሆኑም በላይ ብዙ ዕቃዎች እርግማን አለባቸው። አንዱ አጠገቡ ያለውን ይሰብራል፣ አንዱ ጥግ ላይ ካልሆነ አይቀመጥም፣ አንዱ ጎረቤቱን ወደ ራሱ ዓይነት ይቀይራል፣ አንዱ ደግሞ ሌላውን ዕቃ በቀጥታ ወደ ቤት ይልካል። የመጨረሻውን የሚያውቅበት ተጫዋች ቦርሳው ሳይሞላ ብዙ ሀብት ያስተላልፋል። ጭራቅ በሞተ ቁጥር ቆም ብላችሁ ዕቃ ትደረድራላችሁ፤ ይህ ድርደራ ከውጊያው እኩል ያሳስባል። ከሞታችሁ ከላይኛው አምስት ኪስ በቀር የያዛችሁት ሁሉ ይቀራል። ለመመለስ የሚያገለግለው የአንገት ጌጥ ገንዘብ ያስከፍላል። አንድ ክፍል ልጨምር ወይስ አሁን ልውጣ የሚለው ጭንቀት የተወለደው ከዚህ ነው፤ በደንብም ተሠርቷል።

ሱቅና ዋሻ የሚገናኙት በዕቃ ነው። የተሻለ ሰይፍ ለማስቀጥቀጥ ገንዘብም ያስፈልጋል፣ ለሽያጭ ይሆን የነበረው ጥሬ ዕቃም ያስፈልጋል። ልሽጠው ወይስ ላስቀምጠው የሚለው ምርጫ እስከ ሦስተኛው ዋሻ ድረስ ሕያው ነው፤ ከዚያ በኋላ ገንዘብ ስለሚተርፍ ይደበዝዛል። በፒክስል የተሳለው ዓለሙ ግን እስከ መጨረሻው ውብ ነው።

ሁለቱን ጎን ለጎን ካየን፣ ሬሴቲር ሰውን ያስጠናችኋል፣ ሙንላይተር ዕቃን። ሬሴቲር በሳምንት ቀጠሮ ይጫናችኋል፣ ሙንላይተር ግን ጊዜ አይቆርጥባችሁም፤ የፈለጋችሁትን ያህል ሌሊት አንዱን ዋሻ ልትመላለሱበት ትችላላችሁ። በጆይስቲክ ሶፋ ላይ ተቀምጦ በአጭር በአጭሩ ለሚጫወት ሙንላይተር ይሻላል። ሒሳብና ንግግር ለሚወድ፣ የውጊያውን ድርቀት ለሚታገሥ ሰው ግን ያለማመንታት ሬሴቲርን እሰጠዋለሁ።

ዘመድ የሆኑት ሦስቱ

ዴቭ ዘ ዳይቨር በ2023 ከደቡብ ኮሪያው ሚንትሮኬት የመጣ ነው። ዋሻው ባሕር ነው፣ ሱቁ የሱሺ ምግብ ቤት። ቀን ትጠልቃላችሁ፣ ዓሣ ታጠምዳላችሁ፣ ማታ ታስተናግዳላችሁ። ኦክስጅኑ ትንፋሽም ሕይወትም ስለሆነ ሻርክ ሲነክሳችሁ የሚቀንሰው ያው ነው። ሲያልቅባችሁ ከያዛችሁት አንድ ነገር ብቻ መርጣችሁ ትወጣላችሁ። ከአምስቱ ሁሉ በይዘት የበለጸገው ይህ ነው፤ በየጥቂት ሰዓቱ አዲስ ነገር ይከፍታል፣ እርሻ፣ የባሕር ሕዝብ መንደር፣ ትንንሽ ጨዋታዎች። የመጀመሪያውን ጥያቄዬን ግን አያልፍም፤ ዋጋ የምትቆርጡት እናንተ አይደላችሁም። ማታ የሚፈተነው የእጅ ፍጥነት ነው፤ ምግብ ማድረስ፣ ሻይ መቅዳት። ከዚህ ቀደም የዚህ ዓይነት ጨዋታ ነክቶ ለማያውቅ ሰው ስጦታ የምገዛ ብሆን ግን የምመርጠው ይህንኑ ነው።

ፖሽኖሚክስ በ2022 ወጣ። ሲልቪያ የተባለች ጠንቋይ ከአጎቷ የመድኃኒት ሱቅና ዕዳ ትወርሳለች። እዚህ ዋሻ አትገቡም፤ ጀብደኞችን መድኃኒት አስይዛችሁ ትልካላችሁ፣ እነርሱም የመቀመሚያ ግብዓት ያመጣሉ። በምትኩ የዋጋ ክርክሩ በመጫወቻ ካርታ የሚካሄድ ውጊያ ሆኗል። ገዢው የትዕግሥት ልክ አለው፣ እናንተም ጭንቀት ይጠራቀምባችኋል፣ ከወዳጆቻችሁ የምታገኟቸው ካርታዎች የክርክር ስልታችሁን ይለውጣሉ። ቅመማውም ሒሳብ ነው፤ የግብዓቶቹን መጠን ማመጣጠን ይጠይቃል። በየአሥር ቀኑ ውድድር አለና ጊዜው ያጣድፋል። ሰይፍ መምዘዝ የማይናፍቃችሁ፣ ንግግርና ወዳጅነት የሚስባችሁ ከሆነ ከሙንላይተር ይልቅ ይህ ይሆናችኋል። የገጸ ባሕርያቱ የፊት እንቅስቃሴ ከሚያምሩት የካርቱን ሥራዎች ጋር ይወዳደራል። በ2024 የመጣው ማስተርወርክ ኢዲሽን የተባለው ቅጂ የተዋንያን ድምፅ ጨምሮለታል፤ የምትገዙት ያንን ይሁን።

ኩዚኒየር ከሲንጋፖሩ ባትልብሩ በ2023 የመጣ ነው። ፖም የተባለች ድመት መሰል ልጅ የወላጆቿን ባለ ዕዳ ምግብ ቤት ለማዳን ዋሻ እየገባች ሥጋና አትክልት ትሰበስባለች። መሣሪያዎቿ የወጥ ቤት ዕቃዎች ናቸው። ውጊያው ከሬሴቲር በብዙ እጥፍ ይፈጥናል፣ ሥዕሉም ያስርባል። ምግብ ቤቱ ግን ደካማ ጎኑ ነው፤ ማብሰልና ማስተናገድ ቶሎ ተደጋጋሚ ይሆናሉ፣ ዋጋ መቁረጥም ሆነ መከራከር የለም። ለመዋጋት ለሚገዛ ሰው መጥፎ አይደለም፣ ለመነገድ ለሚገዛ ግን አልመክርም።

ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት

አምስቱም አንዴ የሚገዙ ናቸው። ሾፕ ታይታንስ ከእነርሱ ይለያል፤ በስልክም በኮምፒውተርም በነጻ ይወርዳል፣ ሱቅ ታደራጃላችሁ፣ ጀግኖች ትልካላችሁ፣ ነገር ግን መጠበቅን በእውነተኛ ገንዘብ ማሳጠር በሚቻልበት መንገድ ነው የተዋቀረው። ዋጋ የመቁረጥን ደስታ ለሚፈልግ ሰው ይህ አካሄድ ጣዕሙን ያጠፋዋል፤ እኔ በበኩሌ አንዴ ከፍሎ የራስ የሚሆነውን እመርጣለሁ።

ሙንላይተር 2 በ2025 መጨረሻ ላይ ገና በመሠራት ላይ ሳለ ለሽያጭ ቀርቧል፤ ሥዕሉ ከጠፍጣፋ ፒክስል ወደ ሦስት አውታር ተቀይሯል። ያላለቀ ጨዋታ እየተለዋወጠ ማየት የሚያስደስተው ሰው ይግባበት። ሌላው መጀመሪያ የ2018ቱን ይጫወት፤ በመደብሮች ቅናሽ ላይ በተደጋጋሚ ስለሚወጣ በሙሉ ዋጋው ለመግዛት መቸኮል አያስፈልግም። ቢትዊን ዳይሜንሽንስ የተባለውን ተጨማሪ ክፍል ግን አምስተኛውን በር ከመክፈታችሁ በፊት አትግዙት፤ የተሠራው ዋናውን ለጨረሰ ተጫዋች ነው።