ካሳንድራ ላይ የራስን ዳታ ታይፕ መሥራት፦ ከመኸር እስከ ክረምት ያየሁት

ቡሬ፣ ፍኖተ ሰላምና ደብረ ማርቆስ ላይ እህል ለሚረከብ ነጋዴ የመጋዘን ሥርዓት ስንሠራ ዳታቤዙን አፓቼ ካሳንድራ 4.1 (መረጃን በብዙ ሰርቨሮች ላይ አባዝቶ የሚያስቀምጥ ዳታቤዝ) አደረግነው። ኔትወርክ ሲቋረጥ ቡሬ ያለው መዛኝ ደብረ ማርቆስን ሳይጠብቅ መመዝገብ አለበት፤ ሌላ ምክንያት አልነበረንም። በየከተማው አንድ ኖድ፣ ማለትም ካሳንድራ የሚሠራበት አንድ ሰርቨር፣ አለ፤ መዝገቡ መጀመሪያ እዚያው ያርፋል፣ መስመር ሲመለስ ለሌሎቹ ይደርሳል። የአንድ ከተማ ሥራ ከሆነ ፖስትግሬስ የተባለው የተለመደ ዳታቤዝ ይበቃችኋል፣ አትድከሙ።

በጣም የተመቸኝ ለቀን የሠራነው ታይፕ (የመረጃ ዓይነት) ነው። ገበሬው «ጥር 12 አስረክቤያለሁ» ይላል፣ ደረሰኙም የሚቆረጠው በእኛው አቆጣጠር ነው፤ የካሳንድራ የራሱ የቀን ታይፕ ግን የፈረንጁን ብቻ ነው የሚያውቀው። ስለዚህ ዓመት፣ ወር፣ ቀን የሚሉ ሦስት ፊልዶች (ክፍሎች) ያሉት ታይፕ ፈጠርንና ፍሮዝን አድርገን (ፊልዶቹ ሁሉ እንደ አንድ ነገር አብረው እንዲቀመጡ አድርገን) ክላስተሪንግ ኪ ውስጥ፣ ማለትም መዝገቦቹ የሚደረደሩበት ቁልፍ ውስጥ፣ አስገባነው። ካሳንድራ እንዲህ ያለውን ታይፕ የሚያወዳድረው በፊልዶቹ ቅደም ተከተል ስለሆነ ርክክቡ በጊዜው ተደርድሮ ይወጣል። ቀኑን አስቀድማችሁ ዓመቱን መጨረሻ ብታደርጉት ግን የየወሩ 1 ቀን ሁሉ ከፊት ይሰለፋል።

ታይፑ ቅርጽ እንጂ ሕግ አይጠብቅም። ወር 14 ብትሉት ዝም ብሎ ይቀበላል። ጳጉሜን 6 ስትሆን፣ ማለትም እንደ 2015 ባለ የሉቃስ ዘመን መጨረሻ ላይ፣ ትክክል ነው፤ በሌላው ዓመት ስህተት ነው፤ ይህን መለየት የፕሮግራሙ ሥራ ነው። በሁለት ቀኖች መካከል ያለውን ልዩነት ለማስላትም አይረዳም፣ አጠገቡ የፈረንጁን ቀን የያዘ ኮለም አስቀምጠናል።

ከባዱ ነገር የደንበኛው መረጃ ነው፦ ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም፣ ወረዳ፣ ቀበሌ፣ ስልክ። ፍሮዝን ታይፕ አፉ እንደተሰፋ ጆንያ ነው፤ ከውስጡ አንድ ነገር ለመቀየር ሙሉውን አንብቦ ሙሉውን መልሶ መጻፍ የግድ ነው። እንግዲህ መስመር በተቋረጠበት ሰዓት ቡሬ ያለው ጸሐፊ የአንዱን ገበሬ ስልክ ሲያስተካክል፣ ደብረ ማርቆስ ያለችው ደግሞ የዚያኑ ሰው ቀበሌ ታስተካክላለች እንበል። መስመር ሲመለስ ካሳንድራ የጊዜ ማህተሙ (የተጻፈበት ሰዓት) የዘገየውን ይመርጣል፤ የቀደመው እርማት ይጠፋል። ስህተት የሚል መልእክትም አይመጣም፣ ሎግ ላይም ምንም የለም።

ከካሳንድራ 3.6 ጀምሮ ፍሮዝን ያልሆነ ታይፕ ይፈቀዳል። በዚህኛው እያንዳንዱ ፊልድ የራሱን የጊዜ ማህተም ይይዛል፣ ሁለቱም እርማቶች ይተርፋሉ። ለእኔ የደንበኛው ታይፕ ከዚህ ውጭ መሆን የለበትም። ዋጋ አለው እርግጥ፦ ፕራይመሪ ኪ (መዝገቡ የሚለይበት ቁልፍ) ውስጥ አይገባም፣ ሊስትና ማፕ (ዝርዝርና የቁልፍና ዋጋ ጥንዶች) ውስጥም አይገባም፣ በውስጡ የስልኮች ሊስት ቢኖር ሊስቱ ራሱ ፍሮዝን መሆን አለበት። ውሳኔው ደግሞ ከመጀመሪያው ቀን ነው፤ አንዴ ፍሮዝን የተባለን ኮለም በኋላ መፍታት አይቻልም፣ አዲስ ኮለም ጨምሮ መረጃውን መገልበጥ ነው ያለው መንገድ። የሦስቱ ሰርቨሮች ሰዓትም እኩል ካልሄደ «የዘገየው» የሚባለው ራሱ ትርጉም የለውም፤ የሰዓት ማመሳሰያው መሥራቱን በየጊዜው እዩት።

ታይፕን ማሳደግ ቀላል ነው። «ጎጥ» የሚል ፊልድ በአንድ ትእዛዝ ጨመርን፣ የድሮዎቹ መዝገቦች ባዶ ሆነው ቀጠሉ። የፊልድ ስም መቀየርም ይቻላል። ማውጣት ግን የለም፣ የፊልዱን ዓይነት መለወጥም የለም። አንድ ሰው «ለማንኛውም ይኑር» ብሎ ያስገባው የፋክስ ቁጥር ፊልድ እስከዛሬ አለ፤ ጎጃም ውስጥ ፋክስ የሚልክ ገበሬ እስኪገኝ ይቀመጣል።

ታይፕ የምትቀይሩት ሦስቱም ኖዶች በሚሠሩበት ሰዓት ይሁን። ከዚያ «ኖድቱል ዲስክራይብክላስተር» የሚለውን የካሳንድራ ትእዛዝ ስጡና ሁሉም አንድ ዓይነት የስኪማ (የሠንጠረዦችና የታይፖች አወቃቀር) ቁጥር ማሳየታቸውን አረጋግጡ። መብራትን በተመለከተ፣ ካሳንድራ ለጠፋ ኖድ መልእክት አጠራቅሞ የሚያቆየው፣ ሴቲንጉ ካልተነካ፣ ለ3 ሰዓት ብቻ ነው። እኛ ዘንድ መብራት ከዚያ በላይ ሲጠፋ አዲስ አይደለም፤ በተመለሰ ቁጥር ሪፔር (የኖዶቹን መረጃ አነጻጽሮ የሚያስተካክለውን ትእዛዝ) እናስኬዳለን፣ አለበለዚያ ቡሬ የተስተካከለው ስልክ ፍኖተ ሰላም ላይ የድሮው ሆኖ ይቀራል።