ገብረ ሕይወት ወይስ ሌቪን?

ሰሞኑን ጅማ፣ ፈረንጅ አራዳ ሰፈር ቡና እየጠጣን አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ «ስለ ማኅበረሰብ ለውጥ አንድ መጽሐፍ ብቻ ምረጥልኝ» አለኝ። ሁለት መጡልኝ።

አንዱ የአሜሪካዊው የሶሲዮሎጂ ምሁር የዶናልድ ሌቪን «ሰምና ወርቅ» ነው። በ1965 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝኛ ታተመ። ሌቪን መንዝ ተቀምጦ የአማራን ባህል አጥንቷል። ነገርን ሸፍኖ መናገር ግልጽነት ከሚፈልገው ዘመናዊ አሠራር ጋር እንዴት እንደሚጋጭ ያሳያል። ደስ ይላል፤ ግን ጅማ ተወልዶ ያደገ አንባቢ «እኔስ የታለሁ?» ቢል አይፈረድበትም።

ሌላው የኢትዮጵያዊው የምጣኔ ሀብት አሳቢ የነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» ነው። እሳቸው በ1919 እ.ኤ.አ. አረፉ፤ መጽሐፉ የታተመው ከ5 ዓመት በኋላ ነው። አማርኛው የድሮ ነው። መጀመሪያ ላይ ትንሽ ያንገራግራል፤ ከዚያ ይለቃል። ሀብት የሚመጣው ከሥራ ነው ይላሉ። ዕውቀት ያለውና የሌለው ሕዝብ ሲነግዱ የኋለኛው እንደሚጎዳም ያስረዳሉ፦ ጥሬ ዕቃ ይሸጣል፣ የተሠራ ዕቃ ይገዛል።

ይህን ስነግረው አንድ አይሱዙ ጆንያ ጭኖ በፊታችን አለፈ። ቡና ነው፤ ያልተቆላ። ልጁ በዓይኑ ተከተለው፣ ከዚያ ሲኒውን አየ። «ይሄ ሰውዬ ጅማን ያውቃታል እንዴ?» አለ። ሳቅሁ።

ሌቪንን ከፈለገ ለክረምቱ ያቆየው። የነጋድራሱን የኔን ኮፒ ይዞ ሄዷል። እንዳይጠፋብኝ እንጂ።