ትራንስፎርመር ዘይት ውስጥ ውሃ ለማወቅ ምን ይገዛ? የዘይት ቴስተር ወይስ ካርል ፊሸር

ክረምቱ ሊወጣ ሲል ከደሴም ከኮምቦልቻም ከቆቦም የሚመጣው ጥያቄ አንድ ነው፦ «ትራንስፎርመሩ ውሃ ገብቶበታል አሉኝ፤ በምን ላረጋግጥ?» የራሱ ትራንስፎርመር ላለው ወፍጮ ቤት፣ ድንጋይ መፍጫ ወይም የመስኖ ፓምፕ መልሱ የዘይት ቴስተር ነው፦ በሁለት ኤሌክትሮዶች (የብረት ጫፎች) መካከል ያለው ዘይት ስንት ቮልት ሲደርስ ብልጭታ እንደሚያሳልፍ የሚለካ መሣሪያ፤ ያውም ሦስት አራት ሆናችሁ ተዋጥታችሁ።

ዋጋውን እንይ። ቻይና ሠራሹ ባለ 80 ኪሎ ቮልት ቴስተር ከ1,000 እስከ 2,000 ዶላር አካባቢ ነው፤ የአውሮፓው የዚህ ብዙ እጥፍ። ከሐምሌ 2016 ወዲህ ምንዛሪው በገበያ ስለሚወሰን ያለፈውን ወር ፕሮፎርማ ይዛችሁ አትከራከሩ። ዘይቱ ውስጥ ያለውን ውሃ በኬሚካል የሚለካው ካርል ፊሸር ግን ተገዝቶ አያበቃም። ሪኤጀንቱ (መለኪያ ኬሚካሉ) ከውጭ ይመጣል፣ ጊዜው ያልፍበታል፣ አንዴ ከተከፈተ ደግሞ የአየሩን እርጥበት እየጠጣ ይበላሻል። በዓመት ሁለቴ ለሚለካ ሰው ገንዘብ መድፋት ነው። የውሃው መጠን በፒፒኤም (ከሚሊዮን ስንት እጅ) ካስፈለጋችሁ ናሙናውን አዲስ አበባ ላቦራቶሪ መላክ ይረክሳል።

ካርል ፊሸር የሚበልጥበት ቦታ መኖሩ አይካድም። ቴስተሩ ውሃን ከቆሻሻ አይለይም፤ የረጠበ የወረቀት ቃጫ ብቻውን ንባቡን ይጥለዋል። ቢሆንም ለ15ም ለ33 ኪሎ ቮልትም መስመር ትራንስፎርመር የምትፈልጉት ፍርድ አጭር ነው፦ በኤሌክትሮዶቹ መካከል በ2.5 ሚሊሜትር ክፍተት 6 ጊዜ ተለክቶ አማካዩ ከ40 ኪሎ ቮልት በላይ ከሆነ ደህና፣ ከ30 በታች ከሆነ ዘይቱ መጣራት ወይም መቀየር አለበት።

ወሎ ላይ ዋናው ወጥመድ ከፍታው ነው። ከ1,000 ሜትር በላይ በየ100 ሜትሩ አየር ኤሌክትሪክ የመከልከል አቅሙ 1 በመቶ ያህል ይቀንሳል፤ ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አስመስለው የሠሩት ርካሽ ቴስተር ውስጡ ጠባብ ስለሆነ ብልጭታው ዘይቱ ከሚሞከርበት ኩባያ ውጭ በአየር ይዘላል፤ መሣሪያው ግን «ዘይቱ ወደቀ» ብሎ ይመዘግባል። ጥሩ ዘይት ያስደፋችኋል ማለት ነው። ስለዚህ ገንዘቡን ከመክፈላችሁ በፊት እዚያው በምትሠሩበት ከተማ፣ በተጣራ አዲስ ዘይት አስለኩት። ተጣርቶ የደረቀ አዲስ ዘይት 70 ኪሎ ቮልት መድረስ አለበት። የክፍተት መለኪያው ጌጅ አብሮ ካልመጣም አትግዙ፤ ኤሌክትሮዶቹ ትንሽ ከተንሸራተቱ ቁጥሩ ሁሉ ውሸት ነው።

ናሙና አወሳሰዱም እኩል ወሳኝ ነው። ውሃ ከታች ስለሚቀመጥ መስመሩን አዘግታችሁ ከታችኛው ቫልቭ ውሰዱ፤ መጀመሪያ የሚወጣውን አንድ ሁለት ሊትር ለብቻ አፍስሱ፣ ጠርሙሱን በዚያው ዘይት አለቅልቁ፣ እስከ አፉ ሙሉ። በዝናብና በጉም አይሞከርም። ትኩስ ዘይት ውሃውን አሟሙቶ ስለሚደብቅ እስኪቀዘቅዝ ጠብቁ፤ በ60 ዲግሪ ያለፈ ዘይት በ20 ሊወድቅ ይችላል።

ጥቂት ጠብታ ዘይት በጋለ ብረት ላይ ጣል አድርጎ ማዳመጥ ወጪ የለውም። ከተንጣጣ ውሃ አለ። ዝም ካለ ግን አትመኑት፤ ከ50 ፒፒኤም በታች ያለው አይሰማም፣ ለእንዲህ ዓይነት ትራንስፎርመር ደግሞ 40 ራሱ ብዙ ነው።

በትራንስፎርመሩ መተንፈሻ የሚገባውን አየር እርጥበት የሚመጠው ሲሊካ ጄል ርካሹ ጠባቂ ነው፤ አስመስሎ የተሠራውም የሚበዛው እዚሁ ላይ ነው። አንዷን ፍሬ ስበሩ፤ ቀለሙ ልጧ ላይ ብቻ ከሆነ ተዉት። ሰማያዊው ኮባልት አለበት፦ ምጣድ ላይ ካደረቃችሁት ያ ምጣድ ለእንጀራ አይመለስም። መተንፈሻው ሥር ያለችው የዘይት ኩባያ ባዶ ከሆነች ጄሉ እርጥበት ጠጥቶ ቶሎ ቢቀላ አይግረማችሁ።

ከታንኩ ሥር ዘይት ሲያንጠባጥብ ያዩ ሰዎች «ውሃ የገባው በዚህ ነው» ይላሉ። ዘይት በሚገፋበት በኩል ውሃ አይገባም። ከዘይቱ ወለል በላይ ያለውን ፈትሹ፦ የቡሺንግ (ሽቦው ወደ ታንኩ የሚገባበት የሸክላ አንገት) ጋስኬት፣ የኮንሰርቫተር (ከላይ ያለው ትንሹ የዘይት ታንክ) ክዳን፣ መተንፈሻው። ዘይት የሚያጣራ ባለሙያ ከቀጠራችሁ ከማጣራቱ በፊትም በኋላም በራሳችሁ ቴስተር ለኩ፤ ክፍያውም ከሁለተኛው ንባብ በኋላ ይሁን።