አውሮፕላኑን ወስደው በረሃውን ትተውታል

ባለፈው ቅዳሜ ከታናሽ ወንድሜ ጋር «አንቻርትድ» ከተባለው የፕሌይስቴሽን ጌም የተሠራውን ፊልም ደግመን አየነው። እ.ኤ.አ. በ2022 እንደወጣ አይተነው ሁለታችንም ቅር ብሎን ነበር። ምናልባት ቸኩለን ፈርደንበት ይሆናል ብለን ነው የደገምነው። አልቸኮልንም።

ፊልሙ መጥፎ አይደለም። ጌሙን ለማያውቅ ሰው ከቤተሰብ ጋር ቁጭ ብሎ የሚያየው፣ ሁለት ሰዓት የማይሞላ የሀብት ፍለጋ ታሪክ ነው። ቶም ሆላንድ ኔተን ድሬክን፣ ማርክ ዋልበርግ ደግሞ አብሮት ሀብት የሚፈልገውን ሰሊን ሆነው ይሠራሉ። የጥንቱን መርከበኛ የማጄላንን ወርቅ ፍለጋ ከባርሴሎና እስከ ፊሊፒንስ ይሄዳሉ። ሆላንድ ሲዘልና ሲንጠለጠል ያምርበታል። ገበያውም ቀንቶታል፤ በዓለም ዙሪያ 400 ሚሊዮን ዶላር ገደማ አስገብቷል።

እኔ የምጽፈው ግን ጌሙን እየተጫወተ ላደገ ሰው ነው።

እኛ ቤት ፕሌይስቴሽን 3 የገባው አክስቴ ከዱባይ ስትመጣ ነው። አብረውት ከመጡት ሲዲዎች አንዱ «አንቻርትድ 3» ነበር። ሰፈራችን ጌም ቤት ውስጥ ሁሉም ፊፋ ነው የሚጫወተው፤ በየጨዋታው እየከፈለ ታሪክ ያለው ጌም የሚጨርስ የለም። ስለዚህ ድሬክን የተዋወቅነው ቤታችን ነው። ጆይስቲኩ አንድ ስለሆነ «የሞተ ያቀብላል» የሚል ሕግ ነበረን።

እዚያ ጌም ውስጥ ድሬክ አየር ላይ ባለ የጭነት አውሮፕላን ውስጥ የሚታኮስበት ቦታ አለ። የኋላው በር ይከፈታል፣ ዕቃው ከነመረቡ ወደ ውጭ ይንሸራተታል፣ እሱም መረቡ ላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል። አውሮፕላኑ ሲጠፋ ድሬክ ሩብ አል-ኻሊ በረሃ መሀል ያርፋል። ከዚያ በኋላ መራመድ ብቻ ነው። ጠላት የለም፣ ተኩስ የለም፣ ውሃም የለም። ጆይስቲኩን ወደፊት ትገፋለህ፣ እሱ እየተንገዳገደ ይሄዳል። ይመሻል፣ ይነጋል። የውሃ ጉድጓድ ያገኛል፤ ደርቋል። ብዙ ይሄድና አሁንም ጉድጓድ ያያል። ያው የቅድሙ ነው። ለካ ሲዞር ነው የዋለው። እዚህ ጋ ስንደርስ ወንድሜ ጆይስቲኩን መሬት ላይ አስቀምጦ ጓዳ ገባና ውሃ ጠጥቶ ተመለሰ። ያኔ ገና አሥራ ሁለት ዓመቱ ነው። ምንም አላለኝም። እኔንም ጠምቶኝ ነበር።

ፊልሙ ያንን አውሮፕላን ወስዶታል። እንዲያውም የሚጀምረው በእሱ ነው። ሳጥኖቹ፣ መረቡ፣ ሰማዩ፣ ሁሉም አለ፤ በደንብም ተሠርቷል። ድሬክና አብራው ወርቁን የምትፈልገው ክሎዊ የሚወድቁት ግን ባሕር ላይ ነው። ብዙም ሳይቆይ የመዝናኛ ሆቴል ዳርቻ ላይ ልብሳቸው እንደራሰ እናገኛቸዋለን። እዚያ ተጋድሞ ፀሐይ የሚሞቅ አንድ ሰውዬ እኔም እንዲህ ያለ ነገር ደርሶብኝ ያውቃል ይላቸዋል። ሰውዬው ኖላን ኖርዝ ነው፤ በጌሙ ድሬክን የተጫወተው፣ ድምፁን የሰጠው ተዋናይ። ለእኛ የተላከ ሰላምታ ስለሆነ ደስ ብሎን ነበር። ቀጥሎ ግን ሆዴ ባዶ ሆነ። በረሃው ውስጥ ሲያቃስት የሰማነው እኮ ያንን ድምፅ ነው።

ጌም ወደ ፊልም ሲወሰድ ብዙ ጊዜ የሚጠፋው እዚህ ላይ ይመስለኛል። ሠሪዎቹ የሚያነሱት አፍ የሚያስከፍተውን ትዕይንት ነው። ያንን ትዕይንት ግን ጌሙ ራሱ ከፊልም የተማረው ነው። መልሰህ ፊልም ስታደርገው ከሌሎቹ የሀብት ፍለጋ ፊልሞች የሚለየው ነገር ያጣል። ልባችን የቀረው ከትዕይንት እስከ ትዕይንት አብረነው በሄድነው መንገድ ላይ ነበር። ጆይስቲኩን ከእጃችን የሚወስድ ሰው በምትኩ የሚሰጠን ነገር ያስፈልገዋል።

አይቻልም እንዳይባል ደግሞ «አንቻርትድ»ን የሠራው ኩባንያ ሌላ ጌም «ዘ ላስት ኦፍ አስ» አለ። እ.ኤ.አ. በ2023 ተከታታይ ድራማ ሲሆን ሦስተኛውን ክፍል ተመልከቱ። ጌሙ ላይ ፍራንክ የሚባል ሰው አስከሬንና ደብዳቤ ብቻ ነበር የምናገኘው። ድራማው እሱና ፍቅረኛው ቢል አብረው የኖሩባቸውን ዓመታት አሳየን። ጌሙን ቀይሮታል፣ ግን አልበደለውም።

የሰሊ ነገር ደግሞ ይብሳል። በጌሙ ኔት (ድሬክ ማለት ነው) ኮሎምቢያ፣ ካርታኼና ከተማ ውስጥ የሚንከራተት ልጅ እያለ የሰሊን ቦርሳ ከኪሱ ይሰርቃል፤ ሰሊ ይይዘዋል። ቆይቶ በጣሪያ ላይ ሲያሳድዱት ሊገድለው የደረሰውን ሰው ተኩሶ የሚያስጥለው ሰሊ ነው። ከዚያ ወዲያ አባት ሆነው። በፊልሙ ግን ኔትን ካደገ በኋላ ኒው ዮርክ ባር ውስጥ መጠጥ ሲቀዳ ያገኘዋል። ስለ ኔት ወንድም የሚያውቀውንም ይደብቀዋል። መጨረሻ ላይ ለእሱ ሲል ወርቁን ወርውሮ ቢለቅም እኔን አላሳመነኝም። አባትነት በአንድ ውርወራ አይመጣም።

እኔ ከ10 ለፊልሙ 5 እሰጠዋለሁ። ጌሙን ካልነካችሁት ተዝናኑበት። ወንድሜ 3 ነው ያለው። ያን ጌም ስንጫወት አባታችን ለሥራ ክፍለ ሀገር ነበር፤ የካርታኼናውን ምዕራፍ ወንድሜ ሳይሞት ጨርሶ እንኳን ደጋግሞ ከመጀመሪያው ይከፍተው ነበር።