ዝግጁ ኩላንት ላይ የቧንቧ ውሃ ሞልተው ይሸጡላችኋል፣ ተጠንቀቁ

ንዴቱ ሳይበርድልኝ ልጻፈው። በኩላንት (በሞተር ማቀዝቀዣ ፈሳሽ) የሚቀዘቅዝ ሞተር ሳይክል ያላችሁ ሁሉ ይህን ዓይነት የመለዋወጫ ነጋዴ ታውቁታላችሁ። ስልኩ ላይ እንዳቀረቀረ በአገጩ መደርደሪያውን የሚጠቁም፣ የኩላንቱን ዓይነት ስትጠይቁት «አረንጓዴ ነው ቀይ የምትፈልገው?» ብሎ የሚመልስ።

የተጠየቀው ግልጽ ነበር፦ ሲሊኬት (አንድ ዓይነት ዝገት መከላከያ ጨው) የሌለበት፣ ለአሉሚኒየም ሞተር የሚሆን፣ ተበጥብጦ የተዘጋጀ ኩላንት። የሚያናድደው፣ ያወጣው ባለ አንድ ሊትር ጠርሙስ ትክክለኛው ነበር። ሒሳቡን ከተቀበለ በኋላ «ቆይ ላዘጋጅልህ» አለና ማሸጊያውን ቀደደው። ግማሹን ወደ ባዶ የዘይት ጠርሙስ ገለበጠ። ሁለቱንም ከባንኮው ጀርባ ካለው የእጅ መታጠቢያ ቧንቧ እስከ አንገታቸው ሞላቸው። «ይኸው፣ ሁለት ሊትር አደረግኩልህ!» ምርቃት የሰጠ ይመስል። ጠርሙሱ ጀርባ ላይ «ለአጠቃቀም ዝግጁ፤ ውሃ አይጨመርበት» የሚል ጽሑፍ አለ። ባሳየው አላነበበውም። «ብራዘር፣ ሞተር ሳይክል እኮ ነው፣ አውሮፕላን አይደለም።» ረዳቱ ሳቀ። ገንዘቤን መልስ ሲባል ደግሞ «የተከፈተ ዕቃ አይመለስም» አለ። የከፈተው ማን ሆነና!

ምን እንዳበላሸ ልንገራችሁ። ዝግጁ ኩላንት አብዛኛውን ጊዜ ግማሹ ግላይኮል (በረዶ እንዳይሠራ የሚያደርገው ፈሳሽ) ግማሹ የተጣራ ውሃ ነው። ኤትሊን ግላይኮል በዚህ መጠን ሲሆን ከዜሮ በታች እስከ 37 ዲግሪ ገደማ በረዶ አይሠራም። በእኩል ውሃ ሲቀጥን ግላይኮሉ ወደ 25 በመቶ ይወርድና ከዜሮ በታች 12 አካባቢ መርጋት ይጀምራል። የመፍያ ነጥቡም ይቀንሳል፣ ግን በጥቂት ዲግሪ ብቻ ነው፤ ትልቁ ጉዳት እሱ አይደለም። ትልቁ ጉዳት ዝገት መከላከያው በግማሽ መሳሳቱ ነው። በዚያ ላይ የቧንቧ ውሃ ካልሲየምና ክሎራይድ ይዞ ይመጣል። ካልሲየሙ የራዲያተሩን ቀጫጭን መተላለፊያዎች በቅርፊት ይደፍናል፣ ክሎራይዱ አሉሚኒየሙን እየበሳሳ ይበላል። የዘይት ጠርሙሱ ውስጥ የቀረው ዘይት ደግሞ ጎማ ቱቦዎቹን ያሳብጣል።

«አረንጓዴ ነው ቀይ?» የሚለው ጥያቄም ከንቱ ነው። ቀለሙ ማቅለሚያ እንጂ መለኪያ አይደለም፤ ሁለት አረንጓዴ ኩላንቶች ፍጹም የተለያየ መከላከያ ሊኖራቸው ይችላል። መታየት ያለበት የሞተር ሳይክሉ መመሪያ መጽሐፍና የጠርሙሱ ጀርባ ነው። ብዙ የጃፓን ሞተር ሳይክሎች ሲሊኬት የሌለበት ይፈልጋሉ፤ ሲሊኬቱ የውሃ ፓምፑን «ሲል» (ፈሳሽ እንዳይወጣ የሚያሽገውን ክፍል) ይፍቃል ተብሎ ስለሚፈራ ነው። ይህ ማሸጊያ ሲያልቅ ከፓምፑ ሥር ካለችው ትንሽ ቀዳዳ ኩላንት ማንጠባጠብ ይጀምራል። የድሮውን ሲሊኬት ያለበትንና አዲሱን በኦርጋኒክ አሲድ የሚሠራውን መደባለቅም መከላከያቸውን ያዳክማል፤ አንዳንዴም እንደ አጥሚት ይወፍርና ራዲያተሩን ይዘጋል።

ያልተበጠበጠውን ከገዛችሁ ንጹሕ ዕቃ ውስጥ በዲስትልድ (ተንኖ በተጣራ) ውሃ እኩል በኩል በጥብጡ፤ 1.5 ሊትር ለሚይዝ ሞተር 750 ሚሊ ከ750 ሚሊ ማለት ነው። ዲስትልድ ውሃ ለመግዛት «የባትሪ ውሃ» ስትሉ አሲድ እንዳይሰጧችሁ። ግላይኮሉን ከ60 በመቶ በላይ ማድረግ ትርፍ የለውም። ሙቀት የመሸከም አቅሙ ይወርዳል፤ ንጹሕ ግላይኮል ራሱ ከዜሮ በታች 13 አካባቢ ይረጋል።

የቀጠነው ከተሞላባችሁ ሞተሩ ሙሉ በሙሉ ሲቀዘቅዝ ብቻ የራዲያተሩን ክዳን ከፍታችሁ የፓምፑን ማፍሰሻ ቡሎን ፍቱ። በዲስትልድ ውሃ ሞልታችሁ ቴርሞስታቱ (ሞተሩ ሲሞቅ ፈሳሹን ወደ ራዲያተሩ የሚያሳልፈው በር) እስኪከፍት አስነሡት፣ አቀዝቅዛችሁ አፍስሱ፤ ጥርት ያለ ውሃ እስኪወጣ ድገሙት። የመጨረሻውን ውሃ ሞተር ሳይክሉን ግራና ቀኝ እያዘነበላችሁ አሟጥጡት፣ አለዚያ አዲሱንም ያቀጥነዋል። የቡሎኑን ዋሸር ቀይሩ። አዲሱን በዝግታ ሙሉ፣ አየሩ እንዲወጣ ቱቦዎቹን ጨመቅ ጨመቅ አድርጉ፣ ተጠባባቂውን የኩላንት ዕቃ በዝቅተኛውና በከፍተኛው መስመር መካከል አድርሱት። ሞቆ ከቀዘቀዘ በኋላ መጠኑን እንደገና እዩ።

የተጠራጠራችሁትን ኩላንት ትንሽ ቀድታችሁ በሚጣል ዕቃ ከድናችሁ፣ 18 ዲግሪ ከዜሮ በታች የሚደርስ ፍሪዘር ውስጥ አሳድሩት። ትክክለኛው 50 በመቶ ፈሳሽ ሆኖ ያድራል፤ የቀጠነው በረዶ ይሠራል። ኤትሊን ግላይኮል መርዝ ነው፣ ጣዕሙም ጣፋጭ ስለሆነ ከልጅና ከውሻ አርቁት።

በተረፈ ማሸጊያውን ማንም እንዳይቀድላችሁ፤ ጠርሙሱን ራሳችሁ ክፈቱ።